ነርሚን የታሰረችበት ሰባት ወር

ዙሁራን ቁጭ ብላ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር። ጠዋት ሲቀላ መናኸሪያ በር ላይ ሳምቡሳ የምትሸጠው ቆማ ነው። ምሳዋን የምትበላው ቆማ ነው። የተጠረገ ግቢ መልሳ ትጠርጋለች፣ የታጠበ ብርጭቆ መልሳ ታጥባለች፣ አልጋዋን በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ታዞረዋለች። አከራይዋ ወይዘሮ ስመኝ፣ ሳቅ የማይጠፋት የጋሞ ሴት፣ ገና በመጀመሪያው ወር «አንቺ ልጅ፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ? ኧረ በጌታ ስም ተቀመጪ!» ብላታለች። ዙሁራም «እሺ እቴቴ፣ አሁን እቀመጣለሁ» ትልና መጥረጊያዋን ታነሳለች።

አይፈረድባትም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳዑዲ ውስጥ በሰው ቤት ስትሠራ ቁጭ ማለት የሚያስቆጣ ነገር ነበር። መጀመሪያም ወዳ አልሄደችም። ባሏ ሹፌር ነበር፤ ልጃቸው ኑሀ ዓመት ሳይሞላት ምዕራብ ዓባያ አካባቢ መኪናው ተገለበጠና በዚያው ቀረ። በ1997 ዓ.ም. ኑሀ ሁለት ዓመት ሲሆናት ዙሁራ ልጇን ለታላቅ እህቷ ለሁስና ሰጥታ ሄደች። «ሁለት ዓመት ብቻ» ብላ ነበር። ሁለቱ ዓመት ዘጠኝ ሆነ። በ2006 ኅዳር ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ ከዚያ አገር ሲባረር እሷም ከሰው ጋር ተባረረች። አንድ ቦርሳ አንጠልጥላ፣ በባጃጅ፣ እህቷ ጨርቅ ሱቅ በር ላይ ደረሰች።

ሁስና አልቅሳ አቀፈቻት። ከጨርቁ ጥቅል ኋላ አንዲት ቀጭን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ መጽሐፍ ይዛ ቆማለች። «ኑሀ፣ ነይ እናትሽን ሰላም በያት» አለች ሁስና። ልጅቷ መጣች፤ እጇን ዘረጋች፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ «እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ ዙሁራ» አለች። ለእንግዳ የሚባለውን፣ በሥነ ሥርዓት። ቀጥላ ወደ ሁስና ዞረችና «እማ፣ ሻይ ላፍላ?» ብላ ጠየቀቻት።

እንግዲህ የዙሁራ ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሳምቡሳው ይሸጥ አይሸጥ፣ ቤቱ ይጥበብ ይስፋ፣ ሌላው ሁሉ ትርፍ ወሬ ነው። ይቺ ልጅ እናቴ ብላ ትቀበላታለች ወይስ ዕድሜ ልኳን እንደ እንግዳ እየጨበጠቻት ትኖራለች? እግሯን የሚያዞራት ይሄ ጥያቄ ነበር። በሆዷም አንድ ነገር ቆርጣለች፤ ልጅቷ እምቢ ካለቻት፣ መንገዱ ምንም ይሁን ምን፣ ተመልሳ ትሄዳለች። እዚያ ቢያንስ ለምን እንደቆመች ታውቃለች።

ሁስና አንድ ዕቃ መለሰችላት፤ ዙሁራ ከዓመታት በፊት «ለኑሀ ይሁን» ብላ በላከችው ብር የተገዛ ቴሌቪዥን ከነዲሹ። ኑሀ ዞር ብላ አይታው አታውቅም። እሷ የመጽሐፍ ሰው ናት። መናኸሪያው አጠገብ፣ ከሽፈራው ዛፍ ሥር፣ ጋሽ ኦይታ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ልብ ወለድ ያከራያሉ። የኪራይ መጽሐፍ ዕጣው ደግሞ ይታወቃል። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር መጀመሪያ ሽፋኑ ይሄዳል፣ ቀጥሎ የመጨረሻዎቹ ገጾች ይረግፋሉ። ጋሽ ኦይታ ሐቀኛ ሰው ናቸውና እንዲህ የሆነውን መጽሐፍ ላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «መጨረሻ የለውም» ብለው ይጽፉበታል፤ ኪራይም አይቀበሉበትም። ኑሀ የምታነበው እነዚህን በነጻ የሚሰጡትን ነው። ስንቱን ታሪክ ጀምራ አንዱንም ሲያልቅ ሳታይ ያደገች ልጅ ናት።

የቴሌቪዥኑ ጉድ የጀመረው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ወይዘሮ ስመኝ ለሳምቡሳው የሚሆን ዳጣ በስኒ ይዛ ስትገባ ዙሁራ መጥረጊያዋን እንደያዘች ቴሌቪዥኑ ፊት ደርቃ ቀርታለች። ወደ ዐረብኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ ነው። ነርሚን የምትባል ቆንጆ ሴት ሕፃን ልጇን እህቷ ክንድ ላይ ትታ መኪና ውስጥ ስትገባ።

«ውይ! ምን አለች? አንቺ ዐረብኛ ታውቂ የለ!» አለች ስመኝ።

እዚህ ላይ እውነት እውነቱን እንነጋገር። የዙሁራ ዐረብኛ የወጥ ቤት ዐረብኛ ነው። «እጠቢ፣ ተኩሺ፣ ሽንኩርት አምጪ፣ ቶሎ በይ»፤ ይሄንን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። ጠበቃ ዳኛ ፊት ምን እንደሚል፣ ወዳጅ ለወዳጁ ምን እንደሚያንሾካሹክ ግን ማን አስተምሯት? በዚያ ላይ ድራማው የሚናገረው የሶሪያዎቹን ዐረብኛ ስለሆነ ከአሥሩ ቃል ሁለቱን ብትይዝ ነው። «አላውቅም» ብትል ባለቀ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ዐረብ አገር ኖሮ «አላውቅም» ይባላል እንዴ? ያሳፍራል እኮ!

«‘ልጄን አደራ’ ነው የምትለው» አለች ዙሁራ። «‘ሁለት ዓመት ብቻ’ ትላለች።»

ስመኝ ደረቷን ያዘች። «አይ ወላድ! ከዚያስ?»

ዙሁራ ከዚያ ያለውን ነገረቻት። ነግራት ስትጨርስ ነው ራሷን ያየችው። ለካ ቁጭ ብላለች። መጥረጊያው መሬት ላይ ነው፣ እግሯ አርፏል፣ ልቧም ዝግ ብሏል። በነጋታው አሥር ሰዓት ሳይሞላ ስመኝ ጎረቤታቸውን ፀጉር ሠሪዋን ሰናይትን አስከትላ መጣች። ወር ሳይሞላ ሁስናም ሱቁን ለባሏ ለሰይፈዲን እየተወች መምጣት ጀመረች። ሁስና ስትመጣ ኑሀንም ጎትታ ታመጣታለች።

ኑሀ በሩ ላይ ተቀምጣ መጽሐፏን ትገልጣለች። ድራማ የሰነፍ ነው የምትል ይመስላል፤ ቀና ብላም አታይም። ዙሁራ ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምትተረጉመው ለዚያ በር ነው። ሌሎቹ ምናምን ናቸው፤ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ለስመኝና ለሰናይት ብላ አይደለም ጉሮሮዋ የሚደርቀው።

ኑሀ መምጣት በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት በሩ ተናገረ። ኑሀ ጣቷን ገጹ ላይ አድርጋ ቀና አለችና «ይቺ ሴትዮ ለምን አልመጣችም?» አለች። «ስልክ የለም? አውቶብስ የለም? ልጅ ጥላ ሄዳ ለምን አትመጣም?»

ሁስና ነጠላ ሻሿን ማስተካከል ጀመረች። ዙሁራ ቴሌቪዥኑን አየች፤ ነርሚን መንገድ ላይ እየሄደች ነው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ከምትለው ውስጥ «በር» የሚል ቃል ብቻ ለዙሁራ ጆሮ ገባ።

«ታስራለች» አለች ዙሁራ። «በሐሰት መስክረውባት ታስራለች። እንዳትመጣ በር ተዘግቶባት ነው።»

«እኮ!» አለች ኑሀ። መጽሐፏን ሳትዘጋ ድራማውን ማየት ጀመረች።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ዙሁራ ግን ታጠቀች። ነርሚንን ሰባት ወር አሰረቻት። ችግሩ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለችው ነርሚን መታሰሯን አልሰማችም። ሴትዮዋ በየቀኑ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ትወጣለች።

«እንዴ! ታስራለች አላልሽም?» ትላለች ሰናይት። «ይቺ ሐይቅ ዳር ዓሣ እየበላች አይደል እንዴ?»

«ከመታሰሯ በፊት ነው። ትዝታዋ ነው።»

«ይሄስ ሰውዬ?»

«ጠበቃዋ ነው።»

«ጠበቃ ነው እንዲህ እጅ የሚስመው?»

«በእነሱ አገር እንዲህ ነው፤ ወላሂ!»

ስመኝ ትስቃለች። «ምነው እኔም በታሰርኩ!» ትላለች። ማንም አልጠረጠረም። ማን ይጠርጥር? ነርሚን በእስር ቤት መስኮት ለልጇ ስትጸልይ ሁሉም ያለቅሱ ነበር፤ መስኮቱን ግን ከዙሁራ አፍ በቀር ማንም አላየውም።

ኑሀ ከበሩ ወደ ምንጣፉ ጠጋ አለች። ከምንጣፉ ወደ ዙሁራ ጉልበት አጠገብ መጣች። አንድ ሐሙስ ቀን ከትምህርት ቤት በቀጥታ መጣችና እጇን ታጥባ፣ ማንም ሳያዛት፣ የሳምቡሳውን ሊጥ ማጠፍ ጀመረች። ዙሁራም ልጅቷ እንዳትደነግጥባት ብላ አጠገቧ ሆና ማጠፏን ቀጠለች። ሃያ ሳምቡሳ አጠፉ።

«እትዬ ዙሁራ» አለች ኑሀ ከሊጡ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ። «እርስዎም ታስረው ነበር?»

የዙሁራ እጅ ቆመ። «የሰው ቤት ምኑ ከእስር ይለያል፣ የኔ ልጅ» አለች። «በሩ ይቆለፋል። ፓስፖርትሽ እነሱ እጅ ነው። ልውጣ ብትዪ አትወጪም።»

ሐሰት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደዚያ ነበሩ። የተጠየቀችው ግን ይሄ እንዳልነበር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ኑሀ ራሷን ነቀነቀች፤ የዘጠኝ ዓመት ሸክም ከትከሻዋ የወረደላት መሰለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ እየመጣች ታጥፍላት ጀመር። አጠራሯን አልለወጠችም፤ «እትዬ» እንዳለች ናት። ግን ትስቃለች። ያነበበችውን ትነግራታለች። ዙሁራ አራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው፤ መጽሐፍ የምትሰማው በልጇ አፍ ሆነ። ይሄ ደስታ ነው ወይስ ቅጣት? እሷም አልለየችውም። ልጅቷ በወጣች ቁጥር ተነስታ አልጋውን ታዞራለች።

የድራማው የመጨረሻ ቀን ነርሚንና ያደገችው ልጇ ባቡር ጣቢያ ተገናኙ። እናትየው ብዙ ተናገረች፤ ልጅቷ ትንሽ ተናገረች፤ ሻንጣዋን አንስታ ባቡሩ ላይ ወጣች። በሩ ተዘጋ፤ ባቡሩም ሄደ። ነርሚን ብቻዋን ቀረች።

«ኧረ ትታት ሄደች!» ብላ ስመኝ ብድግ አለች።

«ምን ትታት ትሄዳለች! ይቅር ብላታለች» አለች ዙሁራ ቶሎ ብላ። «ልብሷን ልታመጣ ነው። ትመለሳለች።»

«ተመስገን!» አለች ስመኝ። ኑሀም ዙሁራን አየቻትና ፈገግ አለች። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል የሚለው ተረት ግን ማንንም አይምርም። ሁለት ዓመት ቆየ እንጂ መጣ።

በ2008 ሚያዝያ ላይ ከተማው ሁሉ ስለ አንድ ነገር ያወራ ነበር። የቱርኮቹ ድራማ በአማርኛ መናገር ጀመረ! ከሲቀላ እስከ ሴቻ ዲሽ ያልዞረበት ጣራ የለም። የባጃጅ ሹፌሮች ሳይቀሩ በአክተሮቹ ስም መጠራራት ያዙ። ዙሁራ መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ማስታወቂያው ላይ ያቺን የምታውቃትን ፊት አየች። ነርሚን «በቅርብ ቀን ይጠብቁኝ» እያለች ነው፤ ያውም ጥርት ባለ አማርኛ።

ያ ረቢ! ዙሁራ ጣራ ላይ ወጣች። የዲሹን ገመድ ነቀለችና «ንፋስ መታው» ብላ ለሁሉም አወራች። እንደ ትልቅ ዘዴ! ሰናይት ፀጉር ቤቷ ውስጥ ከዙሁራው የሚበልጥ ቴሌቪዥን አላት። ሴቶቹ ወንበራቸውን ይዘው ወደዚያ ተሻገሩ።

አንድ ወር፣ ሁለት ወር እያሉ የነርሚንን መታሰር ሲጠብቁ ከረሙ። በሰባተኛው ወር ስመኝ ሆዷን ይዛ እየሳቀች ገባች፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል። «አንቺ ሰይጣን! አንዲት ቀን እንኳ አልታሰረችም እኮ! ያ ጠበቃ ያልሽው ባሏ ነው! አግብታዋለች!» ሰናይትም ከኋላዋ «ያንቺው ይሻላል፤ የእነሱን የጻፈው ሰው አንቺን ቢያማክር ኖሮ!» አለች። ሁስና ሳትቀር ሳቀች። የጠሏት፣ የናቋት አንድም ሰው የለም። እንዲያውም ከዚያ ወዲያ ስሟ «ደራሲዋ» ሆነ።

ያልሳቀችው ኑሀ ብቻ ናት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ዙሁራን አልፏል። ሐሙስ መጣች፤ እጇን አልታጠበችም። በሩ ላይ ቆማ «ነርሚን አልታሰረችም» አለች።

«አልታሰረችም።»

«ሌላ ከተማ ነበረች። ስልክም ነበራት፣ መኪናም ነበራት። መምጣት ትችል ነበር።»

«ትችል ነበር» አለች ዙሁራ።

«እርስዎስ?»

ሰባት ወር ሙሉ ያልሰማችውን ስትተረጉም የነበረች ሴት ለዚህች አንዲት ቃል መልስ አጣች። ኑሀ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ሄደች። በሚቀጥለው ሐሙስ አልመጣችም፤ በሚከተለውም አልመጣችም።

እንግዲህ የዙሁራን ሁኔታ ያኔ ያየ! አልጋው በቀን ሦስት ጊዜ ዞረ። ሳምቡሳው አረረ፤ አንዱን ቀን ጨው ረሳች፣ ሌላውን ቀን ሁለቴ ጨመረች። ከቤት ወደ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ወደ ሁስና ሱቅ ጥግ፣ ከዚያ ወደ ቤት። ሱቁን ከሩቅ አይታ ትመለሳለች። ገነነ የሚባል ደላላ መናኸሪያው አካባቢ አይጠፋም። «እህቴ፣ መንገድ ተከፍቷል፤ ዓርብ ጠዋት የሚሄዱ ልጆች አሉኝ» አላት። «በሕግ ተከልክሏል እያሉ አይደል?» ብትለው «የተከለከለው በፊት ለፊት ነው» ብሎ ሳቀ። ዙሁራም «እሺ፣ ከእነሱ ጋር ጻፈኝ» አለችው። ያን ዕለት ቦርሳዋን ሞላች፤ ፈታች፤ እንደገና ሞላች።

ረቡዕ ጠዋት ሳምቡሳዋን ሸጣ ስትጨርስ ጋሽ ኦይታ ከሽፈራው ጥላ ሥር ጠሯት። «ዙሁራ ልጄ፣ እስቲ ነይ። የልጅሽን ጉድ አሳይሻለሁ።»

«ምን አደረገች ጋሼ?»

«መጽሐፎቼን አበላሸችብኝ» አሉ፤ ግን ፊታቸው የተቆጣ ሰው ፊት አይደለም። «መጨረሻ የለውም» ከተባሉት አራት አምስቱን አውጥተው ከኋላ ገለጡላት። ከኋላ በተሰፋ ባዶ ወረቀት ላይ፣ በእርሳስ፣ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። «መጨረሻ ትጽፍላቸዋለች። ከድሮ ጀምሮ። አሁን ሰው ‘ኑሀ የጨረሰችውን ስጡኝ’ እያለ ይጠይቀኛል።»

ዙሁራ ፊደል ከቆጠረች ሃያ ዓመት ሊሆናት ነው። በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። በመጀመሪያው መጽሐፍ እናትየዋ የቀረችው ወንዝ ሞልቶባት ነበር። በሁለተኛው ታማ። በሦስተኛው ደብዳቤዋ እየጠፋ። በአራተኛው በሐሰት ተመስክሮባት ታስራ። ታሪኩ ስለ ወታደር ይሁን ስለ ነጋዴ ለኑሀ ግድ የላትም፤ የሆነ ቦታ አንዲት እናት አምጥታ ታስገባለች፤ እናትየዋም ሁልጊዜ መምጣት ያልቻለችበት በቂ ምክንያት አላት። ልጅቷ ስንት ዓመት ሙሉ ምክንያት ስትፈልግላት ኖራለች!

«ይሄ ባለፈው ሳምንት የመለሰችው ነው» አሉ ጋሽ ኦይታ፤ የመጨረሻውን ሰጧት። እርሳሱ ወረቀቱን ሊበሳው ደርሷል። አንድ መስመር ብቻ ነው። «መምጣት ትችል ነበር። አልመጣችም። ተፈጸመ።»

ዙሁራ መጽሐፉን መለሰችላቸው። አመሰግናለሁም አላለች። ባዶ ሳፋዋን ጭንቅላቷ ላይ እንዳደረገች በፍጥነት ወደ ሁስና ሱቅ ሄደች። ሁስና ለደንበኛ የተሸጠ ጨርቅ እየቆረጠች ነው፤ ኑሀ ጫፉን ይዛላታለች። ደንበኛዋ እስክትወጣ ዙሁራ በሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰች።

«በ2001» አለች ገና ሳትገባ። «በ2001 ፈቃድ ሰጥተውኝ ነበር። ቲኬትም ቆርጠውልኝ ነበር። ፓስፖርቴ እጄ ላይ ነበር።»

የሁስና መቀስ ቆመ። «ምን? አሠሪዎቼ ከለከሉኝ አላልሽኝም?»

«ብያለሁ።»

«ኧረ አንቺ ሴት! ቤት ቀብቼ፣ ለልጅቷ ቢጫ ቀሚስ አሰፍቼ፣ መናኸሪያ ድረስ ይዣት ወጥቼ...» ሁስና መጨረስ አልቻለችም።

ዙሁራ ግን የምታየው ኑሀን ነው። «የማሳድጋት የአሠሪዎቼ ልጅ ነበረች። ከተወለደች ጀምሮ እኔ ነኝ ያዘልኳት። ሻንጣዬን ስታይ አንገቴን ይዛ አለቅም አለች፤ ትኩሳት ያዛት፤ እህል አልቀምስ አለች። ማማ የምትለው እኔን ነበር። ሳምንት ልቆይ አልኩ። ሳምንቱ አለፈ። ከዚያ ፈራሁ። አንቺ እንዳታውቂኝ ፈራሁ። እዚያ የምታውቀኝ ልጅ ነበረች፤ እዚህ የማታውቀኝ። አልመጣሁም። መምጣት እችል ነበር፣ ኑሀ። ማንም አላሰረኝም።»

ኑሀ ጨርቁን ይዛ ቆማለች። «ስሟ ማን ነው?» አለች።

«ሪታል» አለች ዙሁራ። «ማንም በሌለበት ግን ኑሀ እያልኩ ነበር የምጠራት።»

ኑሀ የጨርቁን ጫፍ ለቀቀች። ልታለቅስ እንደደረሰች ያስታውቃል፤ አላለቀሰችም። «ቢጫውን ቀሚስ አስታውሰዋለሁ» አለች። «አሁን ይሂዱ፣ እባክዎ።» ዙሁራም ሄደች። ሁስና እስከ በሩ እንኳ አልሸኘቻትም፤ እውነት ለመናገር እኔም ብሆን አልሸኛትም ነበር።

በነጋታው ሐሙስ ነው። ቦርሳው ተሞልቶ፣ ዚፑ ተዘግቶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ዓርብ ጠዋት መንገድ ነው። ዙሁራ ግቢውን ሁለት ጊዜ ጠርጋለች፤ ለማን እንደምትጠርገው አታውቅም። የነቀለችውን የዲሽ ገመድ መልሳ ገጥማዋለች፤ ለአከራይዋ የተበላሸ ዕቃ ትቶ መሄድ ነውር ነው ብላ። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ስመኝ ወንበሯን ይዛ ወደ ፀጉር ቤቱ ስትሻገር «ደራሲዋ፣ ዛሬ እኮ መጨረሻው ነው፣ አትመጪም?» ብላ ጠራቻት። ዙሁራ ራስ ምታት አለብኝ አለች።

ግቢው ጭር ካለ በኋላ በሩ ተንኳኳ። ኑሀ ናት። ገባች፤ ቦርሳውን አየች፤ ቀና ብላ ዙሁራን አየች። በሩ ላይ አልተቀመጠችም፤ ምንጣፉ ላይ አልፋ ተቀመጠችና ቴሌቪዥኑን ከፈተች።

ነርሚንና ልጇ ባቡር ጣቢያው ላይ ፊት ለፊት ቆመዋል። ነርሚን በአማርኛ ልትናገር አፏን ስትከፍት ኑሀ ሪሞቱን አንስታ ድምፁን አጠፋችው።

«ምን አለች?» አለች።

ዙሁራ አልገባትም። «አማርኛ ነው እኮ፣ ኑሀ...»

«እርስዎ ይንገሩኝ። ምን አለች?»

ዙሁራ መጥረጊያዋን እንደያዘች የሴትዮዋን ከንፈር አየች። «‘መምጣት እችል ነበር’ ትላለች» አለች። «‘አልመጣሁም’ ትላለች።»

«ሌላስ?»

«‘ይቅር በይኝ’ ልትል ትፈልጋለች። አፏ አልታዘዝ ብሏታል። አፍራለች።»

«ልጅቷስ ምን አለች?»

ዙሁራ ራሷን ነቀነቀች። «የእሷን አላውቅም። ድሮም አላውቅም ነበር፤ ዝም ብዬ ነው የተናገርኩላት። የእሷን አንቺ ንገሪኝ።»

ስክሪኑ ላይ ልጅቷ ሻንጣዋን አነሳች። ደረጃውን ወጣች፤ በሩ ተዘጋ። ባቡሩ ቀስ እያለ መሄድ ጀመረ፤ እናትየዋም ቆማ ቀረች። ኑሀ ባቡሩ እስኪጠፋ ዓይኗን ሳትነቅል አየች። ከዚያ እጇን ወደ በሩ ዘርግታ የዙሁራን ቦርሳ ጎተተችና ከአልጋው ሥር ገፋችው።

«ልብሷን ልታመጣ ነው» አለች። «ትመለሳለች።»

ዙሁራ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ቁጭ አለች።